ክረምቱን ቁልፉ ማን ጋ ይከርማል?

ግልጽ ደብዳቤ

ለደሴና ለኮምቦልቻ ከተሞች የትምህርት ኃላፊዎች፣ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ርዕሳነ መምህራን እና ለንብረት ክፍል ሠራተኞች

ጤና ይስጥልኝ።

ደሴ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የላብራቶሪ ቴክኒሻን ነኝ። ጠርሙስ እቆጥራለሁ፣ እመዝናለሁ፣ እበጠብጣለሁ፣ አጥባለሁ። መምህሩ ሲገባ ጠረጴዛው ላይ ሁሉም ነገር ተዘጋጅቶ እንዲጠብቀው ማድረግ የኔ ሥራ ነው። ይህን ደብዳቤ ግንቦት ላይ የምጽፈው ሰኔ ሳያልቅ እንዲደርሳችሁ ብዬ ነው።

የመጣሁበት ጉዳይ አንድ ነው። የኛ ላብራቶሪ የሚዘጋው ዝናቡ ሲመጣ ነው።

ሰኔ ሲያልቅ ፈተናውም ያልቃል። ተማሪው ይበተናል፣ በሩ ይቆለፋል። ሐምሌና ነሐሴ ደሴ ላይ ምን እንደሚመስሉ ለናንተ አልነግራችሁም። የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ ይውላል። ያጠብነው ልብስ ሦስት ቀን ቆይቶም እርጥብ ነው። ጓዳ ያለው ጨው ያለቅሳል። ልክ በዚያ ወቅት፣ ውሃ በዞረበት እንኳ መዞር የሌለባቸው ኬሚካሎች የተቀመጡበትን ክፍል ማንም ከፍቶ አያየውም። ከሐምሌ 1 እስከ ጳጉሜ መጨረሻ 65 ቀን ነው፣ አንዳንዴ 66። ያን ሁሉ ቀን ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ እንኳ የማናውቅበት ጊዜ ብዙ ነው።

ይህን የምለው ስላየሁት ነው። ከዓመታት በፊት፣ አሁን በማልሠራበት አንድ ትምህርት ቤት፣ መስከረም ላይ የኬሚካል መጋዘኑን ከፈትን። ኮርኒሱ ላይ ትልቅ ቡኒ ክብ ወጥቷል። ከላይ ያለው ቆርቆሮ በአንድ ሚስማር ቀዳዳ ክረምቱን ሙሉ ሲያንጠባጥብ ከርሟል። የሶዲየም ሃይድሮክሳይዱ (የኮስቲክ ሶዳው) ጠርሙስ ክዳኑ ተሰንጥቆ ነበር። ሰኔ ላይ ነጭ ደረቅ ፍሬ ሆኖ የተውነው ነገር ከአየሩ ላይ ውሃ ስቦ ስቦ እንደ ሽሮፕ ቀልጧል። መደርደሪያውን ተከትሎ ወርዶ የታችኞቹን ጠርሙሶች ስም በልቶታል። አሥር የሚሆኑ ጠርሙሶች ስም አልባ ሆነው ጠበቁን። ውሃ ሲነካው የሚነደው የሶዲየም ብረት ያለበት ቆርቆሮ ደግሞ ከጠብታው ሁለት ክንድ ብቻ ነበር የሚርቀው። ሳስበው እስከ ዛሬ ሆዴን ይበላኛል።

ያን ቀን የተጎዳችው ግን የጽዳት እናታችን ናት። እኛ የጠፋውን ስንመዘግብ እሷ ወለሉን እንዳየችው ጨርቅ ይዛ ገባች። ጓንት አልሰጠናትም። ምን እንደሆነም አልነገርናትም። ጣቷ ላይ ሲሟልጭ ሳሙና ነው የመሰላት። እውነትም ሳሙና ይመስላል፤ የሚያሟልጨው የገዛ ቆዳችንን ቅባት ወደ ሳሙና እየለወጠው ስለሆነ ነው። ወዲያው አያቃጥልም፣ ክፋቱም እሱ ነው። ማቃጠል ሲጀምራት ወደ ቧንቧው ሮጥን፤ ውሃ የለም። ከጓሮው በርሜል በጆግ እየቀዳን አፈሰስንላት። ቢያንስ 15 ደቂቃ ያለማቋረጥ መፍሰስ ነበረበት፤ ያን ያህል አላገኘችም። ማታ የእጇ ቆዳ ተላጠ። በማግስቱ ልጠይቃት ስሄድ «አብሽሪ ልጄ፣ ይድናል» ብላ ያጽናናችኝ እሷ ናት። ዳነች፣ አልሐምዱሊላህ። ሁለት ጣቷ ላይ ግን ምልክቱ አለ።

ጥፋቱ የአንድ ሰው አልነበረም። የንብረት ሠራተኛው በር መቆለፍ ነው የተነገረው፣ ቆልፏል። መምህሩ ዕረፍት ላይ ነበር። እኔም አገር ቤት ነበርኩ። ክረምቱን ያየው የለም፣ በቃ።

አሁን እርጥበቱ እንዴት እንደሚገባ ልንገራችሁ። «ተከድኗል እኮ» የሚለውን ቃል ብዙ ጊዜ ስለምሰማ ነው። ደሴ ላይ ጠጥታችሁ ጥብቅ አድርጋችሁ የከደናችሁትን ባዶ ሃይላንድ ይዛችሁ የሐረጎን ቁልቁለት ውረዱ። ኮምቦልቻ ስትደርሱ ጎኑ ተጨራምቶ ታገኙታላችሁ። ታች ያለው አየር ከላይኛው ይከብዳል፤ ፕላስቲኩን ይጫነዋል። ክዳኑ ትንሽ ላላ ካለ ደግሞ አይጨራመትም፤ አየሩን ወደ ውስጥ ይስባል። የኬሚካል ጠርሙስም እንዲሁ ነው። መንገድ እንኳ ሳይሄድ፣ መደርደሪያው ላይ ቆሞ፣ ቀን ሲሞቅ አየር ያስወጣል፣ ሌሊት ሲበርድ ያስገባል። በሐምሌ ሌሊት የሚያስገባው አየር በውሃ የተሞላ ነው። ስድሳ ሌሊት ሲተነፍስ የከረመ ጠርሙስ ውስጥ ምን እንደተጠራቀመ አስቡት።

ለዚህ ነው ክዳን ብቻ የማይበቃው። ክዳኑ ላይ ሁለት ዙር ናስትሮ ይጠምጠም። ጠርሙሱ ደግሞ ሌላ ሰፊ አፍ ባለው፣ ክዳኑ በሚጠብቅ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ይግባ። ዕቃው ወጥ ቤት አይቶ የማያውቅ ይሁን፤ የምግብ ዕቃ ለኬሚካል፣ የኬሚካል ዕቃ ለምግብ እንዳይሆን አደራ። በመሃከላቸው ሲሊካ ጄል ይቀመጥ። ከአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የምናገኛት ትንሽ ከረጢት ውስጥ ያለው እሱ ነው። ለላብራቶሪ የሚመጣው ሰማያዊው ዓይነት ውሃ ሲጠግብ ሮዝ ይሆናል። 120 ዲግሪ ገደማ በላብራቶሪ ምድጃ ሲደርቅ ተመልሶ ሰማያዊ ይሆናል። በቤት ምጣድ ግን አይሞከር፤ ቀለሙን የሚሰጠው ኮባልት ክሎራይድ ጤና የሚጎዳ ነው። ከቀዝቃዛ ቦታ የወጣ ጠርሙስም ወዲያው አይከፈት። እንደ ክፍሉ ሙቀት እስኪሆን ካልጠበቅነው ጤዛው ውስጡ ያርፋል። በተለይ ኮምቦልቻ ላይ ይህን አትርሱ።

ሲሊካ ጄል የሌለው ትምህርት ቤት ቢያንስ ምስክር ያቁም። ሰማያዊው መዳብ ሰልፌት አብዛኛው ትምህርት ቤት አለ። ከክብደቱ 36 በመቶ ገደማ ውሃ ነው። በዝግታ ሲሞቅ ውሃው ይወጣና ነጭ ዱቄት ይሆናል። ከዚያ ነጭ ዱቄት ቆንጥራችሁ በብርጭቆ ሳህን ቁም ሳጥኑ ውስጥ ተዉት። ሰማያዊ ሆኖ ካገኛችሁት ቁም ሳጥኑ እርጥበት እያስገባ ነው። ለተማሪም ጥሩ ትምህርት ነው። እኔ በየዓመቱ አደርገዋለሁ፣ ልጆቹም በጣም ይወዱታል።

ጉዳዩ የአደጋ ብቻ አይደለም። አራት ግራም ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ በአንድ ሊትር ሲበጠበጥ የብጥብጡ ጥንካሬ 0.1 ሞላር ይሆናል ብለን እናስተምራለን። ከአራቱ ግራም አንድ አሥረኛው ከክረምቱ የተሳበ ውሃ ከሆነ ግን የምናገኘው 0.09 ነው። ተማሪዋ በትክክል ለክታ፣ በትክክል ጠብ አድርጋ፣ በትክክል አስልታ መልሱ አይመጣላትም። የተሳሳተችው እሷ ይመስላታል። ኬሚስትሪ አይገባኝም ብላ ትወጣለች። እንዲህ ያለች ልጅ በዓይኔ አይቻለሁ። ጥፋቱ የሷ ሳይሆን የጠርሙሱ እንደነበር የነገራት ሰው አልነበረም።

ስለ አደረዳደር ደግሞ የንብረት ክፍል ወንድሞቼና እህቶቼ በተለይ ስሙኝ። ኬሚካል በእንግሊዝኛው ፊደል ተራ መደርደር ያምራል፣ ለቆጠራም ይመቻል። ግን አደገኛ ነው። በፊደል ተራ ሲሄድ ፎስፎረስና ፖታሲየም ይጎራበታሉ። ነጩ ፎስፎረስ አየር ሲነካው ስለሚነድ የሚቀመጠው ውሃ ውስጥ ነው። ፖታሲየም ደግሞ ውሃ ሲነካው ስለሚነድ የሚቀመጠው ዘይት ውስጥ ነው። አንዱ ጠርሙስ ቢሰበር የሌላው ሞት ነው። ሶዲየምና ሰልፈሪክ አሲድም በዚያው ፊደል ጎረቤት ናቸው። ያልተበረዘው ሰልፈሪክ አሲድ ራሱ ውሃ ሳቢ ነው፤ ክዳኑ ከላላ ክረምቱን እየጠጣ መጠኑ ከፍ ይላል። ስለዚህ በፊደል ሳይሆን በጠባይ ይደርደሩ። ውሃ የሚጠሉት ለብቻቸው፣ አሲዶች ለብቻቸው፣ የሚያቀጣጥሉት ለብቻቸው። ውሃ የሚጠሉት ያሉበት ቁም ሳጥን ከውጭው ግድግዳ ይራቅ፣ ከመሬት ከፍ ይበል፣ ከቧንቧና ከመታጠቢያ አጠገብ አይሁን።

ይህን ለመረዳት ኬሚስት መሆን አያስፈልግም። ሲሚንቶ የሚሸጥ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ከሥር እንጨት ያነጥፋል፣ ግድግዳ አያስጠጋም፣ ከላይ ሸራ ያለብሳል። ለሲሚንቶ ያደረግነውን ለሶዲየም እንዴት እንነፍጋለን?

ስለ ሶዲየም ትንሽ ልቆይ። ቢላ የሚቆርጠው፣ ከውሃ የሚቀል ብረት ነው። ውሃ ሲያገኝ ሃይድሮጅን ጋዝ ያወጣል፣ ይግላል፣ ጋዙ ይቀጣጠላል፣ የቀረውም ያው ቆዳ የሚልጠው ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ይሆናል። የሚቀመጠው በነጭ ጋዝ ወይም በፓራፊን ዘይት ተሸፍኖ ነው። ነጭ ጋዝ ግን ይተናል። እንደ ኮምቦልቻ ባለ ሞቃት ከተማ ደግሞ ቶሎ ይተናል። ብረቱ ጫፉን ብቅ ካደረገ አየሩ ውስጥ ያለው እርጥበት ይበቃዋል። ሲጎድል መሙላት የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ግን ከፍቶ የሚያይ ሰው ይፈልጋል። ለክፍል ማሳያ ከምስር ፍሬ የማይበልጥ ቁራጭ ይበቃል። የተረፈውን መታጠቢያ ውስጥ መጣል ፈጽሞ አይሆንም። ፖታሲየም ደግሞ ከሱ ይብሳል። ቆይቶ ቢጫ ወይም ብርቱካናማ ቅርፊት ካወጣ አትቁረጡት፣ አትፋቁት። ሲነካ ሊፈነዳ ይችላል። በሩን ዘግታችሁ ባለሙያ ጥሩ።

ውሃ አልባው አሉሚኒየም ክሎራይድም እንዲሁ ተንኮለኛ ነው። ትንሽ እርጥበት ከገባበት በኋላ ጥብቅ ተብሎ ከተዘጋ፣ ውስጡ የሃይድሮጅን ክሎራይድ ጋዝ ይጠራቀማል። ያረጀ ጠርሙስ ሲከፈት ሊፈነጥቅ፣ ሳይነካም ሊፈነዳ ይችላል። ክዳኑ ያበጠ፣ ዙሪያው ነጭ ዱቄት ያወጣ ጠርሙስ ካያችሁ ጉልበት አትፈትኑበት። ፎስፎረስ ፔንታክሎራይድና ፎስፎረስ ፔንቶክሳይድ ካሏችሁም በዚያው ዓይን እዩአቸው።

ካልሲየም ካርባይድም አለ። ብየዳ ቤት ያላችሁ ታውቁታላችሁ። ውሃ ሲነካው አሲቲሊን ያወጣል፤ ጋዙ በአየር ውስጥ 2.5 በመቶ ሲደርስ እሳት ሊይዝ ይችላል። የነጭ ሽንኩርት ዓይነት ሽታ ከመጋዘን ከመጣ መብራት አታብሩ፣ አታጥፉም። ወጥታችሁ አየሩ እስኪለወጥ ጠብቁ።

እሳት ቢነሳስ? የመጀመሪያ ሐሳባችን ባልዲ ውሃ ነው። እዚህ ጋ ውሃ ቤንዚን ማለት ነው። በየኮሪደሩ የተሰቀለው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ማጥፊያም ለሶዲየም አይሆንም። የሚሆነው ደረቅ አሸዋ ነው። ደረቅ የሚለው ቃል ይሰመርበት። ብዙ ትምህርት ቤት አሸዋው ደጅ፣ በቀይ ባልዲ፣ ያለ ክዳን ተቀምጧል። በሐምሌ ያ ባልዲ ጭቃ ነው። ጭቃ ሶዲየም ላይ መድፋት ውሃ መድፋት ነው። አሸዋው በቆርቆሮ ላይ ተቆልቶ ይድረቅ፣ ክዳን ባለው ባልዲ ይግባ፣ ከበሩ አጠገብ ውስጥ ይቀመጥ። የእሳትና ድንገተኛ አደጋ ሠራተኞችም የትኛው ክፍል ውስጥ ምን እንዳለ አስቀድመው ይወቁ። ሌሊት ተጠርተው ሲመጡ ቱቦ ዘርግተው ውሃ መልቀቅ ነው የሚያውቁት፤ ካልነገርናቸው በምን ያውቃሉ? አንድ ገጽ ዝርዝር ለነሱ፣ አንድ ገጽ በሩ ላይ፣ በአማርኛ፣ በትልቅ ፊደል። የጽዳት ሠራተኛዋም እንድታነበው። ማንበብ ካልቻለች ቁጭ ብለን እንንገራት።

በ2014ቱ ጦርነት በአካባቢያችን ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘርፈዋል፣ ወድመዋል። ከዚያ ወዲህ ኬሚካል ከየአቅጣጫው በእርዳታ የሚያገኙ ትምህርት ቤቶች አሉ። ለጋሾቹን አላህም እግዜርም ይስጥልን። ግን አንዳንዱ ስሙ የተላጠ ነው፣ አንዳንዱ ዕድሜው ያለፈ፣ አንዳንዱ ለሁለተኛ ደረጃ ጨርሶ የማያስፈልግ። ከልመና የመጣ ነው ብለን ሁሉንም እናስቀምጣለን። እባካችሁ፣ እምቢ ማለትም ይፈቀድልን። ሲገዛም በትንሹ ይገዛ። 25 ግራም ሶዲየም ለዓመት የሚበቃውን ትምህርት ቤት ግማሽ ኪሎ አሸክሞ በየክረምቱ ማስጨነቅ ምን ይጠቅማል?

የምጠይቃችሁ ትልቅ በጀት አይደለም። ሰኔ ላይ፣ ፈተናው ሲያልቅና በሩ ከመቆለፉ በፊት፣ ላብራቶሪዎቻችን አንድ ሙሉ ቀን ይሰጣቸው። ጣሪያው ይታይ፣ ዘይቱ ይሞላ፣ ክዳኑ ይጠምጠም፣ ዝርዝሩ ይጻፍ። ከዚያ ቁልፉ ስሙ በወረቀት ለተጻፈ ሰው ይሰጥ። ያ ሰው በሳምንት አንድ ቀን ገብቶ ይይ። ክረምቱን ሙሉ ቢቆጠር ዘጠኝ ጊዜ ነው። ለዘጠኝ ቀን የትራንስፖርትና የውሎ አበል ይከፈለው። ካልተከፈለው በዕረፍትህ በነጻ ሥራ ማለት ነው እንጂ ሌላ አይደለም፤ በነጻ የተባለ ሥራ ደግሞ ሦስተኛው ሳምንት ላይ ይቀራል። የጠረጠርነውን ጠርሙስ የሚያይልንም ሰው ሩቅ አይደለም። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴም ኮምቦልቻም ግቢ አለው። ከትምህርት መምሪያ አንድ ደብዳቤ ቢጻፍላቸው፣ ትምህርት ቤቶቹን በተራ ሊያዩልን ይችላሉ ብዬ አምናለሁ። እኛ ቴክኒሻኖች በየግላችን ስንጠይቅ ግን በማን ስም እንደመጣን ነው የምንጠየቀው።

ምላሹ እስኪመጣ ድረስ እኔ የራሴን ጀምሬያለሁ። አሸዋዬን ቆልቻለሁ። ሶዲየሜ ላይ ሁለት ጣት ዘይት አለ። የአሁኑ ትምህርት ቤታችንን የጽዳት ሠራተኛ ጠርሙስ በጠርሙስ አስጎብኝቻታለሁ፣ ጓንቷም በሩ ላይ ተሰቅሏል። የቀረኝ ቁልፉ ነው። ሰኔ መጨረሻ ንብረት ክፍል ገቢ አድርጊ እባላለሁ። በስሜ ይጻፍልኝና ሐምሌን እኔ ልመላለስ፤ ነሐሴን ከመምህራኑ አንዱ ይረከበኝ።

ከአክብሮት ጋር

በደሴ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የላብራቶሪ ቴክኒሻን